በጡረታ አልወጣም ላለ ሽቦ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የኮርኒስ ውስጥ ኮረንቲ ሽቦ
ሆጤ፣ ደሴ

ጉዳዩ፦ በክብር እንዲሰናበቱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ አባቴ በ1974 ዓ.ም. ይህን የጭቃ ቤት አሠርተው ከኮርኒሱ በላይ ሲዘረጉዎት ሥራዎ ሁለት አምፖልና አንድ ሬዲዮ መቀለብ ብቻ እንደነበር እናቴ ትመሰክራለች። የመንግሥት ሠራተኛ እንኳ 60 ሲሞላው ይሸኛል፤ ፕላስቲክ ለለበሰ ሽቦ ደግሞ ባለሙያዎች እንደ አያያዙ ከ25 እስከ 40 ዓመት ይሰጡታል። እርስዎ ግን ደመወዝም እረፍትም ሳይጠይቁ አሁንም በሥራ ላይ ነዎት፤ ትጋትዎ ያስፈራናል።

መዳብዎ አላረጀም፤ እሱስ ገና ጎረምሳ ነው። ያረጀው ልብስዎ ነው። እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲችል የተሠራው ይህ ልብስ፣ ቀን በጋለ ቆርቆሮ ሥር፣ ክረምት ደግሞ ከጦሳ በሚወርደው ጉምና በሚያንጠባጥበው ጣሪያ መካከል ሲኖር ልስላሴውን ጨርሶ ደርቋል። ባለፈው ኤሌክትሪሻኑ ወጥቶ በጣቱ ጎንበስ ቢያደርግዎ ቅርፊትዎ ተፈርክሶ እናቴ ረከቦት ላይ፣ ከሲኒዎቹ መካከል ዘነበ።

በደሉ የእርስዎ ብቻ አለመሆኑን እናምናለን። ለመብራት የታሰቡ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ቀጭን ሽቦ ሆነው ሳሉ 3,500 ዋት የሚጎትት የእንጀራ ምጣድ ጫንንብዎ፤ ይህ ባለ 60 ዋት አምፖል 58 ያህል በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። ምጣዱ ሲሰካ የሳሎኑ አምፖል እንደ ኩራዝ የሚደበዝዘው፣ ከቡናው ጢስ ጋርም የተጠበሰ ፕላስቲክ የሚሸተው ለዚህ ነው። ለምጣድ ራሱን የቻለ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ወፍራም ሽቦ መስመር እንደሚያስፈልገው ተነግሮን ነበር፤ እኛ ግን ለአረፋ ግድግዳውን ቀለም ቀባን።

እርስዎን እንዲጠብቅ የተቀመጠው ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜም የሰፈሩ ባለሙያ ከኬብል የመዘዘውን ወፍራም መዳብ ቋጥሮበት «ይኼማ አይበጠስም» ብሎን ሄደ። ቃሉን ጠብቋል፤ ፊውዙ እስከ ዛሬ አልተበጠሰም፤ አስቀድሞ የመንደዱ ተራ ለእርስዎ ተላልፏል። በየመጋጠሚያው የተጠቀለለልዎ ናስትሮም ሙጫው ደርቆ እንደ ልቃቂት ይተረተራል። ያመለጠ ኮረንቲን ወደ አፈር የሚያወርድ የመሬት መስመር ስለሌለዎት ፍሪጁ በባዶ እግር የነካውን ሁሉ ይነዝራል፤ እንግዳ ሲመጣ ከ«እንዴት ዋላችሁ» ቀጥሎ የምንለው «ነጠላ ጫማ አድርጉ» ነው።

ስለዚህ በመጪው ሳምንት ባለሙያ መጥቶ በ500 ቮልት ይለካዎታል። ልብስዎ ኮረንቲ እንዳያመልጥ የመከላከል አቅሙ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ካላሳየ ስንብትዎ የጸና ነው፤ ቢያሳይም እንኳ ምጣዱን ይረከባሉ ማለት አይደለም። እስከዚያው እንጀራው በማገዶ ይጋገራል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሥርዎ የሚያድሩ ቤተሰቦች

ግልባጭ፦
ልብስዎን እየበሉ ጉዳዩን ለሚያፋጥኑልን የኮርኒስ አይጦች