«አርጅቷል» ብሎ መዝጋት ምን ማለት ነው?

ጀርመን ውስጥ የጉንድረሚንገን ኑክሌር ጣቢያ ሁለት የማቀዝቀዣ ማማዎች እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2025 በፈንጂ ፈረሱ። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። 160 ሜትር የሚረዝሙት ማማዎች በሰከንዶች ውስጥ ወደቁ፣ ከዚያ አቧራ ብቻ። ያንገበገበኝ ግን መውደቃቸው ሳይሆን ስለዚህ ነገር ባነሳሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ ነው፦ «አርጅቶ ነበር እኮ፣ ምን ያስቆጫል?»

አርጅቶ? የጣቢያው የመጨረሻ ሪአክተር (የኑክሌር ነዳጁ ሙቀት የሚያመነጭበት ክፍል) ሥራ የጀመረው በ1984 ነው፣ የተዘጋው በ2021 መጨረሻ። 37 ዓመት! ጎረቤት ስዊዘርላንድ ቤዝናው የሚባለውን ኑክሌር ጣቢያዋን ከ1969 ጀምራ እየሠራችበት ነው። አሜሪካ ደግሞ ተርኪ ፖይንት ለሚባለው ጣቢያ እስከ 80 ዓመት ፈቃድ ሰጥታለች።

የኑክሌር ጣቢያ እንደ ሰው አያረጅም። ፓምፑ ይቀየራል፣ ኬብሉ ይቀየራል፣ ተርባይኑም ይቀየራል። የማይቀየረው ነዳጁ የሚቀመጥበት ትልቁ የብረት ጋን ነው። ከነዳጁ የሚወጣው ኒውትሮን የሚባል ደቃቅ ቅንጣት ለዓመታት ሲደበድበው ብረቱ ይደርቃል፣ በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል። ይሄ እውነት ነው፣ አልክድም። መሐንዲሶቹም ከማንም ቀድመው ያውቁታል። ለዚህ ነው ከዚያው ዓይነት ብረት የተቆረጡ ናሙናዎች ታሽገው ገና ከጅምሩ ጋኑ ውስጥ የሚቀመጡት። ከግድግዳው ይልቅ ለነዳጁ ስለሚቀርቡ ከግድግዳው ቀድመው ይጎዳሉ። በየተወሰነ ዓመቱ አንዱ ይወጣል፣ በመዶሻ ይመታል፣ ለመሰበር ምን ያህል ጉልበት እንደጠየቀ ይለካል። ስለዚህ ጋኑ ከዓመታት በኋላ ምን ሊመስል እንደሚችል ዛሬ ማወቅ ይቻላል። ብረቱን መጠየቅ ማለት ይሄ ነው። ጀርመን ግን የጠየቀችው ካሌንደሩን ነው፤ የመዝጊያውን ቀን በ2011፣ ጃፓን ውስጥ ከደረሰው የፉኩሺማ ኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ፣ ፓርላማው በሕግ ቆረጠው።

ፉኩሺማንም የገደለው እርጅና አይደለም። ሱናሚው የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን አጥለቀለቃቸው፣ ማቀዝቀዣው ቆመ። ለመሬት መንቀጥቀጡ መነሻ ይበልጥ የሚቀርበው የኦናጋዋ ጣቢያ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለተሠራ ተርፏል። የኑክሌር ቆሻሻውስ ለሚለኝ፦ አዎ፣ አለ፤ ጣቢያውን መዝጋት ግን እስካሁን የተከማቸውን አንድ ኪሎ እንኳ አይቀንሰውም።

ሁሌም ደሜን የሚያፈላው ግን 2023 ላይ የሆነው ነው። በጃንዋሪ ፖሊስ ሉትሰራት የምትባል ትንሽ የጀርመን መንደር ገብቶ ዛፍ ላይ ጎጆ ሠርተው የተቀመጡትን ተቃዋሚዎች ሳይቀር አወረዳቸው። ለምን? ከመንደሯ ሥር ያለው ቡናማ የድንጋይ ከሰል እንዲቆፈር ነዋ! ቆፋሪው አርደብሊውኢ የተባለው ኩባንያ ነው፣ ያው የጉንድረሚንገን ባለቤት። ሦስት ወር ቆይቶ፣ ኤፕሪል 15፣ ይኸው ኩባንያ ከ1988 ጀምሮ ጢስ ሳያወጣ መብራት ሲሰጥ የኖረውን የኤምስላንድ ሪአክተሩን በሕጉ መሠረት አጠፋ። በዚያው ቀን ኢዛር 2 እና ኔካርቬስትሃይም 2 የሚባሉት የጀርመን ሪአክተሮችም ጠፉ። ለከሰሉ ማቃጠያዎች ሀገር አቀፉ ሕግ እስከ 2038 ጊዜ ሰጥቷቸዋል። የሰው ሳንባ ውስጥ የሚገባው ጢስ ዕድሜ ሲጨመርለት ጢስ የሌለው ተቀጨ። ይሄን ለአካባቢ ጥበቃ የተወሰደ እርምጃ ነው ብላችሁ አታስረዱኝ፣ አልሰማም።

አሁን ሌሎች ሀገሮችም ጣቢያዎቻቸው አርባና ሃምሳ ዓመት እየሞላቸው ነው፣ ክርክሩም ይመጣል። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ናሙናውን አውጡና ምቱት፣ ውጤቱንም ለሕዝብ አሳዩ። ብረቱ ካልቻለ እኔም ዝጉት እላለሁ።