«አብሽር» እየተባልኩ ኪሴ ባዶ ቀረ

እስኪ ብሶቴን ላውጣው፣ ካልጻፍኩት ያንቀኛል።

የኮሮላዬ የራዲያተር ፋን መሥራት ካቆመ ሁለት ወር ሆነው። መጀመሪያ አልነቃሁም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ የሙቀት ጌጁ ፀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋላ። ስመለስ ግን ሐረጎ ላይ ከሲኖትራክ ኋላ ስጎተት ጌጁም አብሮኝ ዳገቱን ይወጣል። ኮፈኑን ብከፍት ሞተሩ እንደ ምድጃ ግሏል፣ ፋኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ጎንበስ እንኳ ሳይል «ሪሌው ነው፣ አብሽር!» አለ፤ መብራት ወደ ፋኑ የምትለቀውን ትንሿን ማብሪያ ማለቱ ነው። 1200 ብር። ወይ ፍንክች። «እንግዲያው የሙቀት ሴንሰሩ ነው፣ አብሽር።» ተቀየረ። ወይ ፍንክች። «በቃ የፋኑ ሞተር ተቃጥሏል።» ያገለገለ የፋን ሞተር፣ 8500 ብር። እሱም ዝም!

ወገን፣ ሪሌ ለመፈተሽ እኮ ከጎረቤቱ መዋስ ነው። ብዙ መኪና ላይ የጥሩምባውና የፋኑ ሪሌ አንድ ዓይነት ነው፤ አቀያይሮ ማየት፣ አለቀ። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለህ ቁልፉን ስትከፍት ብዙ መኪና ፋኑን በራሱ ያስነሳል። የፋኑን ሞተር ደግሞ በሁለት ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ ብታስነካው ወይ ይዞራል ወይ አይዞርም። ሦስቱም አንድ ሲኒ ቡና ሳይቀዘቅዝ ያልቃሉ። ግን መፈተሽ አያስከፍልማ! የሚያስከፍለው መቀየር ነው።

በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዳይሬክት እናድርገው።» ከባትሪው ሁለት ሽቦ ጎትቶ መሪው ሥር ማብሪያ ማጥፊያ ለጠፈልኝ። የመኝታ ቤት ማብሪያ ማጥፊያ! ፋኑ ዞረ፣ እሱም ጀግና ሆነ። እኔ ግን የኮሮላዬ ሞግዚት ሆንኩ። አንድ ቀን ማጥፋት ረስቼ ባትሪዬ ሞቶ አደረ። ሌላ ቀን ማብራት ረሳሁና ሰኞ ገበያ መጨናነቅ መሃል እንፋሎቷን ለቀቀችው። ደሴ ደግሞ ከፍታዋ 2500 ሜትር ገደማ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ መፍላት ይጀምራል። የኔ ክዳን መያዙን ከተወ ቆይቷል። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ «ክዳኑን ክፈተው!» ይለኛል። ፊቴን ልቀቀል እንዴ?

እዚያው አንድ ልጅ መጣ። ሃያ ዓመትም አይሞላው። በእጁ አንዲት የፍሬቻ አምፖል፣ ሁለት ሽቦ የተበየደላት። መጀመሪያ የመካኒኩን ሽቦ ፈታና የድሮውን የፋን ሶኬት አገኘው። ሞተሯ ግላ ስለነበር ቁልፉን ሲከፍት ፋኑን የምታዝበት ሰዓት ነው። አምፖሏን ሶኬቱ ላይ ሁለቱን ጫፍ አስነካ፣ አልበራችም። አንዱን ጫፍ ከሶኬቱ አንስቶ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረገው፣ ቦግ! «ጋሼ፣ መብራቱ ይመጣል፣ ማሳው ነው የጠፋው» አለኝ። ማሳ ማለት መብራቱ በመኪናዋ ቦዲ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ ነው። ሽቦውን ተከትሎ ወረደ። ከባትሪው ሥር ቦዲው ላይ የታሰረችው ጫፍ አረንጓዴ ዱቄት ለብሳለች። ፋቃት፣ አጠበቃት። ሶኬቱን መልሶ ሲሰካው ፋኑ ተነሳ።

200 ብር ተቀበለኝ። «አብሽር» አላለም።

አሮጌውን የፋን ሞተር ከጋራዡ ተከራክሬ ነበር ያወጣሁት። ቤት ወስጄ ባትሪ ባስነካው ሱሪዬን እያራገበ ዞረ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ «እዚህ ሙቀት ነው፣ እግር ሥራለትና ላክልኝ» ብላ ትስቅብኛለች።