እርማት፦ ትልቅ ኢምፔለር ሁልጊዜ ነዳጅ አይቆጥብም

«ለጄት ጀልባ ትልቅ ኢምፔለር ከተገጠመ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ስለሚሠራ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው አስተያየት ብዙዎችን አሳስቷል። ጄት ጀልባ የሚሄደው ውኃ ስቦ ወደ ኋላ በመርጨት ነው፤ ኢምፔለር ደግሞ በፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውኃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ጎማ ነው። ጀልባው በተመሳሳይ ፍጥነት ለመሄድ የሚፈልገው ግፊት ዙሩ ስለወረደ አይቀንስም።

ኢምፔለር ከሞተር የሚወስደው ጉልበት ከዙሩ ኩብ ጋር ያድጋል። በደቂቃ 4000 ዙር ላይ 300 የፈረስ ጉልበት የሚወስደው በ3000 ዙር 127 ገደማ ብቻ ይወስዳል። የተሳፋሪ መብዛትም ይህን እምብዛም አይለውጠውም፤ ከተራ ፕሮፔለር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ኢምፔለሩ ከሞተሩ አቅም በላይ ከሆነ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ቢሰጠውም ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን ወደሚያወጣበት ዙር አይደርስም፤ እያቃሰተ ይግላል። በዝቅተኛ ዙር ብርቱ ለሆነ ሞተር፣ ለምሳሌ ለናፍጣ፣ ትልቁ ይስማማል። በከፍተኛ ዙር ለሚበረታ ትንሽ ሞተር ግን ሸክም ነው።

ደግሞስ ነዳጅ ሲባክን ጥፋተኛው ሁልጊዜ የኢምፔለሩ መጠን ነው? የኒውዚላንዱ መሐንዲስ ቢል ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጀልባ ጄታቸውን ባዳበሩባቸው የአገራቸው ጠጠራማ ወንዞች፣ ጠጠር የኢምፔለሩን ጠርዝና በዙሪያው ያለውን ቀለበት ይበላል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ውኃው ወደ ኋላ ያመልጣል፣ ነዳጁም ያለ ፋይዳ ይቃጠላል። አዲስ ኢምፔለር ከመግዛት በፊት ይህን ክፍተት መለካት ይሻላል፤ ርካሽም ነው።