ክርክር፦ ባሕር ማዶ የሚነግድ የምሥራቅ ልጅ መጀመሪያ የማንን በር ያንኳኳ?

ጭብጡ ይህ ነው። ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ሄዶ አሜሪካ ወይም ካናዳ ውስጥ ቡናና በርበሬ ማከፋፈል የጀመረ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ከወገኑና ከጥቁር ነጋዴዎች ማኅበር ጋር በመተሳሰር ያሳልፍ፣ ወይስ በቀጥታ ወደ ሙያው ገበያ ይግባ? ከድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር የመጣው ተከራካሪ መጀመሪያ ወገን ይላል፤ ከሐረሩ የግንብ ከተማ ከጁገል የመጣችው መጀመሪያ ገበያ ትላለች።

የከዚራው፦

ባንክ አዲስ ነጋዴን የሚመዝነው በብድር ታሪኩ ነው። በቅርብ የገባ ሰው ደግሞ ታሪክ የለውም። እዚህ እያለ ሐረሪ፣ ኦሮሞ፣ ሶማሌ ወይም አማራ ይባል የነበረው ሰው፣ እዚያ ሲደርስ አከራዩም የባንክ ሠራተኛውም የሚያዩት ጥቁር ሰው ነው። ይህን መንገድ ቀድሞ የሄደበት የአገሬው ጥቁር ነጋዴ ነው። የትኛው ባንክ ትንሽ ድርጅትን እንደሚያስተናግድ፣ የትኛው የሒሳብ ባለሙያ ስልክ እንደሚያነሳ ከእሱ በላይ የሚነግርህ የለም። ካናዳ ውስጥ ለጥቁር ነጋዴዎች ብቻ የተቋቋመ፣ እስከ 250 ሺህ የካናዳ ዶላር የሚያበድር ፈንድ አለ። ስንቱ ሐበሻ እኔን አይመለከተኝም ብሎ አልፎታል!

ማኅበር መግባት ሲባል መዋጮ ከፍሎ መቀመጥ ማለት አይደለም። በስብሰባው ቀን በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚመዘግበውን ሥራ ጠይቁ፤ ማታ ሲዘጋ የመጣውን ሰው ሁሉ በስም የሚያውቀው መዝጋቢው ነው። ከዚያ «ሰው አስተዋውቁኝ» አትበሉ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለውም። «ለአነስተኛ መጋዘን ኢንሹራንስ የገባልህን ወኪል አገናኘኝ» ብትሉ ግን በዚያው ሳምንት ስልኩ ይደርሳችኋል።

መነሻ ገንዘቡስ? እቁብ። 12 ሰው በወር 2 ሺህ ዶላር ቢጥል ዕጣ የወጣለት 24 ሺህ ይይዛል፣ ያለ ወለድ። ድሬዳዋ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር ስትቆረቆር ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዓረቡም፣ ሕንዱም እዚህ የቆመው ወገኑን ተደግፎ ነው።

የጁገሏ፦

ወንድሜ፣ እነዚያ ነጋዴዎች ወገናቸውን ቢደገፉም ሸጠው ያደሩት ግን ለኦሮሞው፣ ለሶማሌው፣ ለአማራው ነው፤ የገዢውን ቋንቋ እየተማሩ። የዛሬው ልጅ ሐበሻ ሱቆችን ዞሮ ይጨርስና ይቆማል። በዚያች ከተማ በርበሬ የሚያስመጡት ሁሉ የሚሻሙት እነዚያኑ ሱቆች ነው፤ ዋጋ ይሰባበራል፣ ዱቤው ይከማቻል። ባለሱቁ የእናትህ አፎቻ (የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር) አባል ልጅ ሲሆን ደግሞ ዱቤህን እንዴት ትጠይቃለህ?

እቁቡን እንመልከተው። በየወሩ ያለ ማዛነፍ የጣልከው ገንዘብ በብድር ታሪክህ ላይ አይታይም። የባሰው 24 ሺው በጥሬ ገንዘብ ሲመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ ራሱ ምንም ጉዳት የለውም። ነገር ግን አንድ ወዳጅ ብቅ ይልና «ዘጠኝ ዘጠኝ ሺህ አድርገህ ቆራርጠህ አስገባው» ይላል። ከሪፖርት ለማምለጥ ገንዘብ መቆራረጥ፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ የፌደራል ወንጀል ነው። ምክሩ የሚመጣው ከዚያው ከምታሞግሰው መረብ ነው።

ለቡና የሚያስፈልገው ሰው ሌላ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎችን ይጭናል፤ 19.2 ቶን ነው። ትንሽ ቡና ቆዪ የሚገዛው አምስት ወይም አሥር ጆንያ ነው። ስለዚህ ቀድሞ መገኘት ያለበት ሰው በኒው ጀርሲ ወይም በኦክላንድ መጋዘን ዕቃ ያለው፣ የአንተን ጥቂት ጆንያ ከራሱ ጭነት ጋር የሚያመጣ አስመጪ ነው። እሱን እቁብ ውስጥ አታገኘውም። የምታገኘው የቡና ባለሙያዎች ዐውደ ርዕይ ላይና የቅምሻ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

በሩን የሚከፍተው ናሙና ነው። 350 ግራም ጥሬ ቡና፣ እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ፤ ላዩ ላይ ወረዳው፣ የምርት ዘመኑ፣ የአደራረቁ ዓይነትና ለሽያጭ ያለህ የጆንያ ብዛት ይጻፍ። ቀማሹ 8.25 ግራም በ150 ሚሊ ሊትር ውኃ እያደረገ አምስት ስኒ ያዘጋጃል። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ የሚደርቅ ነው፤ ማድረቂያው አልጋ ላይ በወፍራሙ ተሰጥቶ በወቅቱ ካልተገላበጠ አንዷ ስኒ የመኮምጠጥ ጣዕም ታመጣለች። አራቱ ግሩም ሆነው አንዷ ከተበላሸች ገዢው ሻጩን የሚያስታውሰው በአምስተኛዋ ነው። ስለዚህ ከመላክህ በፊት አምስቱንም ስኒ አንተው ቅመስ። ናሙናው በደረሰ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፍ፦ ምን እንደላክህ፣ አንዱ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት) ስንት እንደሆነና ከየትኛው መጋዘን፣ እስከ መቼ እንደምትይዝለት። የቤተሰብ ታሪክ አትጨምርበት። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ናሙናው ይደርሳል፣ ዋጋው አይደርስም።

የከዚራው፦

ስለ ጥሬ ገንዘቡ ልክ ነሽ እህቴ፤ ክርክር የለኝም። መፍትሔው ግን እቁቡን መተው ሳይሆን በወረቀት ማድረግ ነው። እያንዳንዱ አባል በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ይጣል፤ የአባላቱ ስም፣ ተራውና ዋሶቹ ተጽፈው የእቁቡ ዳኛ ይፈርምበት። ባንክ የገንዘቡን ምንጭ ሲጠይቅ ይህ ወረቀት ይቀርባል።

አቦ፣ አንቺ ያልነካሽው የክፍያውን ነገር ነው! ቡና ቆዪው ዕቃውን ተቀብሎ የሚከፍለው በ30 ቀን ነው፣ አንዳንዴም በ45። አስመጪው ግን ገንዘቡን አሁን ይፈልጋል። አዲስ ድርጅት የሚሞተው በዚህች ክፍተት ነው፤ ባንክ አይሸፍንለትም፣ እቁቡ ግን ይሸፍንለታል። ደግሞ አዲሱ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አሁን ለማን ታቀርባለህ?» ብሎ ነው። በየወሩ የሚያዙ ሦስት የሐበሻ ካፌዎች፣ ኢንቮይስ እየተቆረጠላቸው፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ናቸው። ቆየት ሲል ደግሞ 51 በመቶው የጥቁር ነጋዴ ለሆነ ድርጅት የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የትልልቅ ገዢዎችን በር ይከፍታል።

የጁገሏ፦

ሦስቱን ካፌ እቀበላለሁ። የምስክር ወረቀቱን ግን ለጀማሪ አትምከር። አንዱን ብንወስድ፣ የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት «ኤይት ኤ» የሚለው፣ በመድልዎ ለተጎዱ አነስተኛ ነጋዴዎች የቆመ ፕሮግራም ዜግነት ይጠይቃል፣ ግሪን ካርድ አይበቃም፤ በመደበኛው ሁለት ዓመት የሠራ ድርጅት ይፈልጋል፣ ቢበዛ ዘጠኝ ዓመት ያቆያል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 አንድ የቴነሲ ፌደራል ፍርድ ቤት ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ጥቁር መሆን ብቻውን በቂ ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል፤ አመልካቹ የደረሰበትን በደል ራሱ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚገኘው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የመሸጥ ዕድል ነው። ጥቂት ጆንያ ቡና ለያዘ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

51 በመቶውም ወጥመድ አለበት። ገንዘብ ያዋጣው የአጎት ልጅ «ያለ እኔ ፊርማ ምንም ወጪ እንዳይወጣ» የሚል አንቀጽ ካስገባ፣ ድርሻው 49 በመቶ ቢሆንም ባለቤቱ ድርጅቱን አይቆጣጠርም ተብሎ ማመልከቻው ሊወድቅ ይችላል። ውሉ ሲረቀቅ በጊዜ ይታይ።

ለካፌዎቹም አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ለወገን ተብሎ በፓውንድ ሃምሳ ሳንቲም የተቀነሰ ዋጋ ውሎ አድሮ ቡና ቆዪው ጆሮ ይደርሳል፤ እሱም ያንኑ ዋጋ ይጠይቃል። ቅናሽ ካለ በብዛት ይሁን፣ ከአምስት ጆንያ በላይ ለወሰደ ሁሉ፤ ዋጋውም ቀን ተጽፎበት በአንድ ወረቀት ላይ ይውጣ፣ ለአጎት ልጅም ለማይታወቀውም ያው ይላክ።