ትረካውን ስትልኩልን ጽሑፉንም ላኩልን

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከኛ ቤት አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ አንዲት እናት ይኖራሉ። እማማ ነው የምላቸው። እንጀራ በሚጋግሩበት ቀን ምጣዱ እስኪግል ድረስ ስልካቸውን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ያቆሙታል። ድምፁ ጎላ እንዲልላቸው ነው። ከዚያ ትረካ ይከፍታሉ። ሊጡን ያዞራሉ፣ አክንባሎውን ይደፋሉ፣ ያዳምጣሉ።

ባለፈው ሰሞን የሚያዳምጡት የኔን ታሪክ ነበር።

ታሪኩ ፋን ፊክሽን የሚባለው ዓይነት ነው። አንድ ሰው የወደደውን መጽሐፍ ወይም ፊልም ገጸ ባሕርያት ወስዶ የራሱን ታሪክ ይጽፍባቸዋል። ለገንዘብ ሳይሆን እንደሱ ለሚወዷቸው ሰዎች። እኔ የጻፍኩት ስለ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ ይሞታል። መጽሐፉን ጨርሶ «ምናለ ባይሞት ኖሮ?» ያላለ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ያንን «ባይሞት ኖሮ» በክፍል በክፍል እየጻፍኩ ለወዳጆቼ በቴሌግራም መላክ ጀመርኩ። የአክስቴ ልጅ ድምጿ ደስ ይላል። እሷ ደግሞ እየተረከች ቀዳችው።

ከዚያ ድምፁ ከጽሑፉ ተለይቶ ብቻውን መዞር ጀመረ። ለእማማም የደረሳቸው ድምፁ ብቻ ነው።

ክፍል 4 ላይ ሰብለ «መቼ ነው የምትመለሰው?» ብላ ትጠይቃለች። በዛብህ «ገና ነው» ይላታል። እኔ ስጽፈው «ና» ላልቶ እንዲነበብ ነበር። ብዙ ይቀራል፣ አትጠብቂኝ ማለቱ ነው። የአክስቴ ልጅ ግን አጥብቃ አነበበችው። «ገና» የልደት በዓል ሆነ። በማግስቱ እማማ ደረጃ ላይ አገኙኝ። «ተመስገን ልጄ! ለገና ይመጣላታል አይደል?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ምን ብዬ ልመልስ? ክፍል 5ን ጽፌ ጨርሻለሁ። በዛብህ አይመጣም።

ይህን የማወራው በአክስቴ ልጅ ለመፍረድ አይደለም። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። ሁለቱም ንባብ ትክክል ነው። ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። እማማ ምርጫ እንደነበረ እንኳ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ተራኪዋ መርጣላቸዋለች።

አሁን አሁን ታሪክ የሚጽፉ ወጣቶች ሁሉ የሚሰሙት ምክር አንድ ነው። «ሰው አያነብም፤ ድምፅ ብቻ ልቀቁ።» ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግማሹ እውነት ነው።

እዚህ ከተማው ዳር ያለን ሰዎች እንዴት ነው የምናነበው? ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሳሪስ የሚሄድ ሀይገር ላይ ቆመህ ስትሄድ አንዱ እጅህ ብረቱን፣ ሌላው ቦርሳህን ይዟል። ቦታ አግኝተህ መስኮት አጠገብ ብትቀመጥም ስልክ ማውጣት ያስፈራል። ከውጭ መንጭቀው ይሮጣሉ። ማታ ቤት ስትገባ ደክሞሃል፣ አንዳንዴም መብራት የለም። ስልክ ኪስ ውስጥ፣ ኢርፎን ጆሮ ውስጥ ሲሆን ግን ያ መንገድ ሁሉ የታሪክ ጊዜ ይሆናል። ስለዚህ «ድምፅ ሰነፍ አደረገን» ከሚሉት ጋር አልስማማም። ማንበብ ቦታም ይፈልጋል፤ ቦታ ያጣን ሰዎች ሰነፎች አይደለንም።

ደግሞስ መቼ ነው ትረካ አዲስ የሆነብን? የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ታሪኩን በልቡ ያዘው። እማማ አንዷ ናቸው። ጉዱ ካሳ ሲናገር ዛሬም የሚሰማቸው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ግን መጽሐፉ ነበረ። ወጋየሁ እንዲህ አለ፣ ደራሲውስ ምን ጽፎ ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው ሄዶ መግለጥ ይችል ነበር። በቴሌግራም የሚዞረው የኛ ታሪክ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገለጥ ነገር የለውም። የጻፈው ሰው ስልክ ከተበላሸ ጽሑፉ አለቀ።

ከዚህም ወደኋላ መሄድ ይቻላል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ውስጥ ንባብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ተማሪው ፊደሉን ስላወቀ ብቻ አንባቢ አይባልም። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ የሚባሉትን የንባብ ዓይነቶች እየለየ የቃሉን አነባበብ ከመምህሩ አፍ ይለቅማል። ጽሑፉ ፊቱ ተዘርግቷል፣ ድምፁ ከጎኑ ነው። ሁለቱን ለያይቶ ማየት የኛ ልማድ አይደለም። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ትረካውን ላኩ። ከሥሩ ጽሑፉን አያይዙ።

በተለይ ፋን ፊክሽን ያለ ጽሑፍ መኖሩ ይከብደዋል። ሌላ መጽሐፍ አንብበህ ትጨርሳለህ። ይሄ ግን ሌላው ሰው ሲቀጥልበት ነው የሚያድገው። አንዷ የኔን ክፍል 3 አንብባ ከሰብለ እናት አንጻር መልሳ ልትጽፈው ትችላለች። ለዚያ አረፍተ ነገሩን ማየት አለባት። ያቺን ቃል ፈልጋ ማግኘት፣ ኮፒ ማድረግ፣ «እዚህ ጋ እንዲህ ቢሆንስ?» ማለት አለባት። የ30 ደቂቃ ድምፅ ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር ለመፈለግ ወደፊትና ወደኋላ እየጎተቱ መሰቃየት ነው። ብዙ ሰው ይተወዋል። ታሪኩ የሚያዳምጡት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እኛ ብሎክ ሥር፣ ምድር ቤት ካሉት ሱቆች በአንዱ የሚሠራ መስማት የተሳነው ልብስ ሰፊ አለ። ሰዎች ሲያዳምጡ፣ ሲስቁ፣ ሲያዝኑ ያያል። አንድ ቀን ጨርቅ ላይ በሚያሰምርበት ጠመኔ ካርቶን ላይ «ጽሑፉስ?» ብሎ ጻፈልኝ። ሌላ ምንም አላለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእሱ መላክ እንዳለብኝ አላሰብኩም ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ያሳፍረኛል።

የዳታውም ነገር አለ። አንድ የአማርኛ ፊደል ስልክ ላይ 3 ባይት ይይዛል። 3000 ቃል ያለው ክፍል ቢበዛ 50 ኪሎባይት ቢሆን ነው። ያው ክፍል በድምፅ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በሰከንድ 64 ኪሎቢት ቢቀዳ 14 ሜጋባይት ይሆናል። ወደ 300 እጥፍ ማለት ነው። በትንሽ ጥቅል ወሩን የሚገፋ ሰው ድምፁን ማውረድ ባይችል ጽሑፉን ያነባል።

በውጭው ዓለም ፋን ፊክሽንን እየተረኩ መቅዳት ስም ወጥቶለታል፤ ፖድፊክ ይሉታል። በእንግሊዝኛ ከትልልቆቹ የፋን ፊክሽን ማከማቻ ድረ ገጾች አንዱ፣ አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ለሳይንሳዊና ምናባዊ ልብ ወለድ ሥራዎች የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። የድምፅ ፋይሉን ራሱ አያስቀምጥም። ሌላ ቦታ የተቀመጠው ድምፅ እዚያ ይያያዝና ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር ይተሳሰራል። ተራኪዎቹ ከመቅዳታቸው በፊት ጸሐፊውን ይጠይቃሉ። አንዳንድ ጸሐፊዎችም «ማንም ሊተርከው ይችላል» ብለው ቀድመው ይጽፋሉ። በጣም የወደድኩት ይህን ነው። ተራኪው ራሱ እንደ ፈጣሪ ይቆጠራል፤ ስሙ አለ፣ ጸሐፊውም ስሙ አለ። እኛ ጋ ግን ድምፅ ሲዞር ብዙ ጊዜ የሁለቱም ስም ይጠፋል።

የኛም ሕግ ቢሆን ሁለቱን ለይቶ ያውቃል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ለደራሲውም ለከዋኙም፣ ማለትም ሥራውን ለሚተርከው ወይም ለሚጫወተው ሰው፣ መብት ይሰጣል። የደራሲው መብት በሕይወት እያለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱ የኔ አይደሉም። ከዚህ ታሪክ ሳንቲም አልወስድም፤ ባለመብቶቹ «ተይ» ቢሉኝ አቆማለሁ። ድምፁን ቀድተው የሚሸጡ ሰዎችም ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ወደ እማማ ልመለስ። ክፍል 5ን ከመላኬ በፊት ክፍል 4ን በጽሑፍ ላክሁላቸው። ያን ቀን እየጋገሩ ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ ነገሩን አስረዳኋቸው። ስልኩን ከብርጭቆው አወጡ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። ፊደሉን በሁለት ጣት አተለቁት። «መቼ ነው የምትመለሰው?» የሚለውን አገኙ። የሚቀጥለውን መስመር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። አንዴ አላልተው፣ አንዴ አጥብቀው። ምጣዱ መጭስ ጀመረ።

«ያንቺው የመጀመሪያው ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«እኔ በሁለተኛው ነኝ» አሉና ስልኩን አስቀምጠው ሊጡን ቀዱ።