«የዘመኑ ሰው ነበር» አትበሉኝ

ቨርጂኒያ ያለ አንድ ወዳጄ ልጁን ቤት ነው የሚያስተምረው። ሰሞኑን ለልጁ የገዛቸውን የታሪክ ልብ ወለዶች ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሁሉም የጆርጅ አልፍሬድ ሄንቲ ናቸው፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ። «ወኔ ያስተምራሉ» አለኝ። የሰውዬውን ዘረኝነት ሳነሳበት «ኧረ ተወኝ፣ የዘመኑ ሰው ነበር» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ይህቺ «የዘመኑ ሰው» የምትባል ነገር ደሜን ታፈላዋለች። ወዳጄ ብቻውን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወግ አጥባቂ ክርስቲያን ወላጆች ሄንቲን ከተረሳበት አውጥተው አቧራውን አራግፈውለታል። ስትጠይቋቸው መልሱ ያው ነው።

እሺ፣ ዘመኑን እንየው። በፈረንጆቹ 1868 የናፒየር ጦር መቅደላ ሲወጣ ሄንቲ «ስታንዳርድ» ለሚባለው የለንደን ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ አብሮ ነበር። የላካቸውን ደብዳቤዎች በዚያው ዓመት መጽሐፍ አድርጎ አወጣቸው። የተዘረፈው ታቦት፣ ብራና፣ ዘውድና ጽዋ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ፓርላማ ቆመው፣ የእንግሊዝ ጦር እነዚያን ዕቃዎች ይዞ መምጣቱ እጅግ እንደሚያሳዝናቸው ተናገሩ።

ግላድስተን ታዲያ የማን ዘመን ሰው ነበሩ? የእኛ? ያው ንግሥት፣ ያው ለንደን፣ ያው ጋዜጣ። አንዱ ካፈረ ሌላውም ማፈር ይችል ነበር ማለት ነው። በዛሬዋ ጋና የነበሩት አሻንቲዎቹስ? 1874 ላይ የእንግሊዝ ጦር ዋና ከተማቸውን ኩማሲን ሲያቃጥል ቤታቸው የነደደባቸው ሰዎች የዘመኑ ሰዎች አልነበሩም? እነሱን ብትጠይቋቸው ስለ ሄንቲ ሐሳብ ምን ይሉ ነበር? ግን «ዘመን» ሲባል የሚቆጠረው ነጩ ብቻ ነው። ያውም ዝም ያለው ነጭ።

ሄንቲ የአሻንቲን ጦርነትም ዘግቧል። አሥር ዓመት ቆይቶ የልጆች ልብ ወለድ አደረገው። እዚያ ውስጥ አንድ የተማረ እንግሊዛዊ ለወጣቱ ጀግና፣ የአማካይ ጥቁር ሰው አእምሮ ከአሥር ዓመት አውሮፓዊ ልጅ ጋር እኩል ነው ይለዋል። ወኔው ይህ ነው እንግዲህ።

ደግሞ ልብ በሉ። ህንድ ልብ ወለድ ሆናለች። ካናዳ፣ ካቡል፣ ካርቱም ሆነዋል። በዓይኑ ያያት መቅደላ ግን ከታወቁት የልጆች ልብ ወለዶቹ መካከል የለችም። ለምን? ንጉሡ ራሷ ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ባጠፉበት፣ የሰባት ዓመት ልጃቸው በመርከብ ተጭኖ በተወሰደበት ታሪክ ውስጥ ደፋሩን የእንግሊዝ ልጅ የት ያስቀምጠው? ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ የለኝም። ግን አልጠራጠርም።

ተረት ማውራት ያውቅበታል፣ አልክድም። ሚስቱ 1865 ላይ አራት ልጆች ትታበት ስትሞት ለልጆቹ ተረት ይነግራቸው ነበር። የመጀመሪያው የልጆች መጽሐፉ ገጸ ባሕርያትም ስማቸው የእነሱ ነው። ይህ ያሳዝናል፣ ደስም ይላል። በኋላ ግን ሰውዬው ፋብሪካ ሆነ። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ፒፓውን እያጨሰ ለጸሐፊው ይነግረዋል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፤ በቀን እስከ 6,500 ቃል! 1902 ላይ ዌይመዝ ወደብ ጀልባው ውስጥ ሲሞት ከመቶ በላይ መጻሕፍት ነበሩት። እንዲህ የተፈበረከውን ነው ወዳጄ «ታሪክ» ብሎ ለልጁ የሚያስጠናው።

ትናንት መልሼ ደወልኩለት። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው አልኩት። «አሥር ሊሞላው ነው።» በል እንግዲያው ያቺን የአሻንቲዋን ገጽ ራሱ ጮክ ብሎ ያንብብልህ፣ አያቱን ከማን ጋር እንዳመሳሰሏቸው ይወቅ አልኩት። ትንሽ ዝም አለ።

«ከእሱ ጋር ነዋ» አለኝ።

ከእሱ ጋር እንኳ አይደለም። ከነጩ የጎረቤት ልጅ ጋር ነው።