ሦስት ደቂቃ አይታችሁ አትፍረዱ

ዛሬስ ብሶቴን ልተንፍስ። አልትራማን የሚባለውን የድሮ የጃፓን ቴሌቪዥን ተከታታይ ከፍቼ ቁጭ ባልኩ ቁጥር አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ይቆማል። አይቀመጥም። እንደቆመ ትንሽ ያይና ያቺን የተለመደች ነገር ይናገራል። «ይሄ እኮ ጎማ የለበሰ ሰውዬ ነው! ዚፑ ይታያል! በዚህ ዕድሜህ የልጆች ነገር ታያለህ?» ከዚያ ስቆ ይሄዳል።

መሳቁ አይደለም የሚያበሳጨኝ። ሰው በማያውቀው ነገር ይስቃል፣ ያለ ነው። የሚያበሳጨኝ ሁልጊዜ የሚመጣው ድብድቡ ላይ መሆኑ ነው። አንድ ክፍል ወደ ሃያ አምስት ደቂቃ ይሆናል። ግዙፉ ጀግና ከጭራቁ ጋር የሚተናነቀው መጨረሻው አካባቢ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው። የታሪኩም ሕግ ነው፤ አልትራማን ምድር ላይ የሚበቃው ጉልበት ለሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ደረቱ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት ቀልታ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረች ጊዜው እያለቀ ነው። ሰዉ ጩኸት ሰምቶ ብቅ የሚለው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ አይቶ የተቸኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኛ ደግሞ ለዓመታት የቆየነው በዚያ ሃያ ደቂቃ ምክንያት ነው።

ጃሚላን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1967 ከተላለፉት የመጀመሪያው አልትራማን 39 ክፍሎች ውስጥ 23ኛው ላይ የሚመጣ ጭራቅ ነው። ክፍሉን ማሞሩ ሳሳኪ ጻፈው፣ አኪዮ ጂሶጂ አዘጋጀው። ጃሚላ ጭራቅ ሆኖ አልተፈጠረም። ሰው ነበር፣ ጠፈርተኛ። መንኮራኩሩ ከመንገዷ ወጥታ ውሃ የሌለባት ፕላኔት ላይ ጣለችው። የላከችው አገር ውድቀቷ እንዳይታወቅባት ነገሩን ደብቃ ተወችው። ያለ ውሃ ሲኖር ሲኖር ሰውነቱ ተለወጠ። መንኮራኩሩን ራሱ ጠግኖ ለበቀል ተመለሰ። ቶኪዮ ላይ ዓለም አቀፍ የሰላም ጉባኤ ሊከፈት ነው፤ እሱ ልዑካኑን ማጥቃት ጀመረ። ጭራቆችን የሚዋጋው የሳይንስ ጥበቃ ቡድን ማንነቱን ሲያውቅ ከበላይ ትእዛዝ መጣ፦ ማንነቱን ሳታወጡ እንደ ማንኛውም ጭራቅ ግደሉት። ኢዴ የሚባለው የቡድኑ አባል መሣሪያውን ወርውሮ አልዋጋም አለ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን መንደሩ ሲቃጠል ያለውን ነው። ጃሚላ የገበሬዎቹን ቤት እያነደደ ያልፋል። ያው ኢዴ «የሰው ልብህ ጠፋ ወይ?» ብሎ ይጮህበታል። ጃሚላ ይቆማል። ዞር ብሎ የሚነደውን ቤት ያያል። አንድ ቃል የለም። ያ አንገት የሌለው የጎማ ልብስ ያኔ ሰው ይሆናል።

እሳት አይነካውም፤ ውሃ ግን ይገድለዋል። አልትራማን ውሃ ይረጭበታል። ጃሚላ ጭቃው ውስጥ እየተንፏቀቀ የጉባኤውን ባንዲራዎች ይጨብጣል። ጩኸቱ የሕፃን ልቅሶ ይመስላል። ሲሞት የሚያምር የመቃብር ድንጋይ ያቆሙለታል። ኢዴም ለተጎጂዎች የሚተርፋቸው ያማረ ቃል ብቻ መሆኑን በምሬት ይናገራል። ይሄ እሁድ ማታ፣ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳን ሳይሞላ፣ ለልጆች የቀረበ ነገር ነው! ከኋላዬ የሚቆመው ሰው ያየው ግን አንድ ጭራቅ ውሃ ሲረጭበት ነው። «አሃሃ፣ በጎማ ቱቦ ገደለው» ብሎ ይሄዳል። እንዴት አይከነክነኝም?

«ለልጆች ነው» የምትለዋ ነገር በተለይ ታቃጥለኛለች። አዎ፣ ለልጆች ነው የተሠራው። እኔ የምወደው እዚያ ላይ ነው። የስቱዲዮው መሥራች ኤይጂ ጹቡራያና አብረውት የሠሩት ጸሐፊዎች ልጅ ነው ብለው አላሳነሱትም። መንግሥት ሊዋሽ እንደሚችል፣ ጀግናውም የሚያሳዝን ነገር ሊያደርግ እንደሚችል ነገሩት። ልጁም ገባው። የጃፓን ልጆች የሸሚዛቸውን ኮሌታ ወደ ላይ ስበው ግንባራቸው ላይ አድርገው ጃሚላ ጃሚላ ይጫወቱ ነበር። ካንቶ፣ ማለትም ቶኪዮና ዙሪያዋ፣ የተከታታዩ አማካይ የተመልካች ድርሻ 36.8 በመቶ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ቁጭ ያደረገው ዚፕ ነው?

ስለ ጎማውም ልናገር፣ ካነሳችሁት አይቀር። አዎ፣ ሰው ነው። ቢን ፉሩያ ይባላል። ንድፉን የሠራው ቶሩ ናሪታ የመረጠው ረጅምና እግረ መለሎ ስለሆነ ነው። በዚያ ልብስ ውስጥ፣ በስቱዲዮ መብራት ሥር፣ በላብ ተጠምቆ ነው የሠራው። በቃኝ ሊል ሲሄድ አውቶቡስ ላይ ልጆች ስለ አልትራማን በፍቅር ሲያወሩ ሰምቶ እንደተመለሰ ራሱ ተናግሯል። ካሜራው ከተለመደው ፍጥነት በላይ ስለሚቀርጽ፣ ሲታይ እንቅስቃሴው ይዘገያል፤ በዚህ ነው አንድ ሰው የ40 ሜትር ግዙፍ ክብደት የሚኖረው። ትንንሾቹን ሕንፃዎች አንድ በአንድ በእጅ ሠሩ፣ ከዚያ ለአንዲት ቅጽበት አፈረሱ። የፊቱ ጭንብል ሦስት ዓይነት ነው፤ የቆየ ተመልካች የቱ ጭንብል እንደሆነ አይቶ የቱ ክፍል አካባቢ እንዳለ ይነግራችኋል። መጀመሪያ አፉ እንዲንቀሳቀስ ታስቦ ነበር፣ ተዉት። ናሪታ የፈለገው የጥንት ሐውልቶችን ስስ ፈገግታ ነበር። ያ የማይንቀሳቀስ ፊት ጃሚላ ላይ ውሃ ሲረጭ ያዘነ ይመስለኛል፤ ሌላ ክፍል ላይ ደግሞ ደስ ያለው። ፊቱ ያው ነው።

ጸሐፊዎቹንም ማንም አያነሳቸውም። ቴጹኦ ኪንጆ የኦኪናዋ፣ የደቡብ ጃፓን ደሴት፣ ሰው ነው። ኦኪናዋ እስከ 1972 በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ነበረች። ይህ ሰው አልትራሰቨን በሚባለው ሌላው ተከታታይ 42ኛ ክፍል፣ በ1968፣ የምድር የመጀመሪያ ነዋሪዎች ሌሎች እንደነበሩና የሰው ልጅ ወደ ባሕር ሥር እንዳባረራቸው የሚነግር ታሪክ ጻፈ። የጥበቃው አዛዥ የባሕር ሥር ከተማቸውን አውድሞ አሸነፍን ብሎ ይፈነድቃል። ሌላው ኦኪናዋዊ ሾዞ ኡኤሃራ ነው። «የተመለሰው አልትራማን» የሚባለው ተከታታይ 33ኛ ክፍል የእሱ ነው፣ የ1971። ወንዝ ዳር ፍርስራሽ ጎጆ ውስጥ የሚኖር ወላጅ አልባ ልጅ አለ። ሰፈሩ በሙሉ «ከሌላ ዓለም የመጣ ነው» ብሎ ያሳድደዋል። ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ አንሸጥም ይሉታል። እያቀረቀረ ሲመለስ የዳቦ ቤቷ ወጣት ዳቦውን ይዛ ሮጣ ትደርስበታለች። ልጁ አዝነሽልኝ ነው ወይ ሲላት፣ አይደለም፣ እኛ ዳቦ ሻጮች ነን ትለዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። የጭራቅ ጥላ እንኳን የለም። ቆይቶ ሕዝቡ ዱላ ይዞ ይመጣል፤ እውነተኛው እንግዳ፣ ልጁን እንደ አባት የያዘው ሽማግሌ፣ ራሱን ገልጦ በጥይት ይወድቃል። ከ1923ቱ የካንቶ መሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በወሬ ብቻ ኮሪያውያን በሕዝብ እጅ እንደተገደሉ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ተረት አይደለም። ጭራቁ ሲነሳ ጀግናው ለመዋጋት ያቅማማል። ለእነዚህ ሰዎች ልዋጋ? ይላል። እኔም አብሬው አቅማማለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ መዘዝ መጥቷል። ሰዎች ድብድቡን ብቻ ቆርጠው፣ የጭፈራ ሙዚቃ ጭነውበት ይለጥፉታል። በቀደም አንዱ ወዳጄ የጃሚላን ሞት እንደዚያ አድርጎ ላከልኝ፣ ከሚስቅ ምስል ጋር። «ያንተ ሰውዬ» ይላል ከሥሩ። ልጁ ክፉ አይደለም። ግን ያ ጭቃ ውስጥ የሚንፏቀቀው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ቆርጦ የለጠፈውም አያውቅም። ቪዲዮውን ያየው ሁሉ አልትራማንን ያየ መስሎታል።

ሁሉም ክፍል ድንቅ ነው አላልኩም። ተራ የሆኑ አሉ፣ ጭራቅ መጣ ጭራቅ ሞተ የሚባሉ። እነሱንም እወዳቸዋለሁ፣ ግን ለሰው አላሳይም። ስለ ደረቱ መብራትም እርስ በርስ እንጣላለን፤ ናሪታ ራሱ አይወዳትም ነበርና የ2022ቱ ፊልም አውጥቷታል። እኔ ትኑር ባይ ነኝ። ይሄ ጠብ ግን ያየ ካየ ጋር የሚጣላው ነው፣ ደስ ይላል።

እስቲ ይሄን አድርጉልኝ። ማየት የፈለገ ከዚያች የዳቦ ክፍል ይጀምር፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ፣ ስልኩን አስቀምጦ። ቤቴ መጥቶ ልቀመጥ ላለ ሻይ አፈላለሁ፣ የጀመርኩትንም ክፍል ትቼ እንደገና ከሥሩ እከፍትለታለሁ። አይቶ አልወደድኩትም ቢለኝ አልቀየመውም፣ እንከራከራለን። ከኋላዬ ቆሞ ለሚፈርድ ግን ከዛሬ ጀምሮ መልስ የለኝም።